ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ

ጥሪው ወጥቷል፤ ሻንጣ እየተዘጋጀ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ 3 በ4 ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ። የቀረውን እናቶች ይሞሉታል፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በላስቲክ የታሰረች ሚጥሚጣ። ልጆቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ዝርዝር ላይ ስለሌለ ነገር ነው። ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ። ከአንሶላው ሥር ደብቃችሁ አይሁን፤ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ በግልጽ።

ለፍሬሽማን፣ ማለትም ለመጀመሪያ ዓመት፣ ተማሪዎች ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እሠራና ዞር ብዬ “ገባችሁ?” ስል፣ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ “አዎ!” ይላል። ሚድ ፈተና ደርሶ ወረቀቱን ሳርም ከዚያ ሁሉ “አዎ” ውስጥ እውነተኛው ሃያም አይሞላም። ዋሹኝ ብዬ ተቆጥቼ አላውቅም። “አልገባኝም” ያለ ልጅ ሲሳቅበት፣ አንዳንዴም በመምህሩ ሲሰደብ እያዩ አሥራ ሁለት ዓመት የተማሩ ልጆች ናቸው። “አዎ” ማለት ለእነሱ መልስ መስጠት ሳይሆን መሸሸጊያ ነው።

ቁጥሩን እናንተም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ማለትም ለ2014 ተፈታኞች፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ሆነ። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሆናችሁ ልትኮሩ ይገባችኋል። ከኩራቱ ጋር ግን አንድ ስሌት ሥሩ፤ 50 ያመጣ ልጅ ከሁለት ጥያቄ አንዱን ስቷል፣ 60 ያመጣም ከአምስቱ ሁለቱን። ማለፊያውን ሳታመጡ በማካካሻው ትምህርት፣ በሬሜዲያል በኩል የምትገቡት ደግሞ ክፍተት እንዳለባችሁ በግልጽ ተነግሯችኋል፤ እንደ እኔ እምነት ይህ ለእናንተ መልካም ነው፤ ሌሎቹ ክፍተታቸውን የሚነግራቸው አላገኙምና።

ይህን የምለው ላሳፍራችሁ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ሳያገኝ ዓመቱን የጨረሰ ትምህርት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ላቦራቶሪው እንደተቆለፈ 12ኛን ያጠናቀቃችሁ አላችሁ። በጦርነት ምክንያት ትምህርታችሁ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ የተቋረጠባችሁ አላችሁ። ስለዚህ የጎደለውን እናንተ አላጎደላችሁትም። ግን ከአሁን በኋላ የሚሸፍንላችሁ ዩኒፎርም የለም፤ ቤት ሥራ ሠራህ ወይ የሚል ክፍል ኃላፊ የለም፤ ወላጅ ጥራ የሚል የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ያ አባባል እንደ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተር የሚሠራበት ቦታ አላየሁም።

ከሁሉ በላይ የሚደበቀው እንግሊዝኛ ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ይህን ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ የአንድን ፅንሰ ሐሳብ ትርጉም በራሳችሁ አባባል ጻፉ ብዬ ነበር። አንድ ልጅ ከሀንድአውቱ ላይ ቃል በቃል ገለበጠው፤ ከጭንቅላቱ ማለቴ ነው፣ ተደብቆ አይቶ አይደለም። እኔ ስተይብ የሳትኳት አንዲት ፊደል ነበረች፤ እሷንም እንዳለች ጽፏታል። ስህተቴን ሸምድዶልኝ መጣ። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ከክፍሉ ሁሉ አብዝቶ የሚያመሸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ያን ሁሉ ጉልበት የሚያፈሰው ግን ያልተረዳውን ዓረፍተ ነገር ተሸክሞ ለመሄድ ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ አላየሁትም። ስንት ሌሊት እንዳባከነ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እኔም በጊዜ አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ እባካችሁ ሽምደዳውን እዚያው ያደጋችሁበት ከተማ ትታችሁ ኑ። አንድ ገጽ አንብቡ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ ለዶርም ጓደኛችሁ አስረዱ። ባደጋችሁበት ቋንቋ ማስረዳት ካቃታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው፤ እዚያው ተመለሱበት። ከገባችሁ በኋላ ነው ወደ እንግሊዝኛው መሄድ። የኮሙኒኬቲቭ እንግሊዝኛ ኮርስንም ቦታ እንደሚሞላ ነገር አትቁጠሩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ተሳስቶ መናገር ይፈቀዳል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ፕሮጀክት ስታቀርቡ ግን ማንም አይታገሳችሁም። ደግሞም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብና የእንግሊዝኛ መጻሕፍታችሁን ለጎረቤት ልጅ አትስጡ፣ ሻንጣው ውስጥ ክተቷቸው። ካልኩለስ ላይ የሚወድቁት አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚወድቁት ክፍልፋይ ማቃለልና እኩልታ ማዟዟር ላይ ነው።

“ፍሬሽማን ቀላል ነው፣ ዲፓርትመንት ስትገቡ ትበረታላችሁ” የሚል ሲኒየር በየዶርሙ አይጠፋም። አትስሙት። ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ከተመለሰ ወዲህ ዲፓርትመንት፣ ማለትም ትምህርት ክፍል፣ የሚደለደለው በአብዛኛው በዚያ ዓመት ውጤት ነው። አስሉት፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ4 ነጥብ 1.8 ያመጣ ልጅ፣ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ፣ የዓመቱን አማካይ 2.8 ለማድረስ በሁለተኛው 3.8 ያስፈልገዋል። ያልገባውን ደብቆ አራት ወር የከረመ ልጅ በአንድ ጊዜ 3.8 ከየት ያመጣል? የሚፈልገውን ትምህርት ክፍል ያጣው ሐምሌ ላይ ስሙ ሲለጠፍ ይመስለዋል። ያጣው ግን በስድስተኛው ሳምንት፣ “ገባችሁ?” ሲባል “አዎ” ብሎ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ። የእያንዳንዱ መምህር በር ላይ የኮንሰልቴሽን ሰዓት፣ ማለትም ተማሪ መጥቶ ያልገባውን የሚጠይቅበት ሰዓት፣ የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ያ ሰዓት የእናንተ ነው። በዚያ ሰዓት ቢሮዬ እቀመጣለሁ፤ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ የሚመጣው ሦስት ወይም አራት ልጅ ነው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። የፋይናል ውጤት በወጣ ማግስት ግን ኮሪደሩ ሰው አያሳልፍም። “መምህር፣ በ2 ነጥብ ነው የቀረብኝ”፣ “መምህር፣ እናቴ ታማ ነው”፣ “መምህር፣ ዲስሚስ ልባል ነው”። ለማርክ ልመና የመጣው እግር ከፈተናው በፊት አንድ ቀን ለጥያቄ ቢመጣ ኖሮ! ልጆቼ፣ መለመን የማያሳፍራችሁ ከሆነ መጠየቅ ለምን ያሳፍራችኋል?

ለሴት ልጆቼ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ወደ መምህር ቢሮ ስትሄዱ ከጓደኛ ጋር መሄድ፣ በሩ ክፍት እንዲሆን መፈለግ መብታችሁ ነው፤ ይቅርታ አትጠይቁበት። ከማርክ ጋር አያይዞ ሌላ ነገር የሚጠይቅ መምህር ቢያጋጥማችሁ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ብቻችሁን አትሸከሙት፣ ወደ ግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂዱ። ላስጠናሽ የሚል ሲኒየር ቅን ሰው ከሆነ ላይብረሪ ውስጥ ጠረጴዛ አለ።

ሌላው መደበቂያ ግሩፕ አሳይመንት ነው። ስድስት ስም፣ አንድ የሠራ። ቀድሞ ከሲኒየር ይገለበጥ ነበር፤ አሁን ከቴሌግራም ቻናል ይወርዳል፣ ወይም ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል። መሣሪያውን አልጠላም። ያልገባችሁን አስረዳኝ ብላችሁ ብትጠይቁት ሌሊት የማይደክመው አስጠኚ ነው። እናንተን ተክቶ ሲጽፍ ግን የሚማር ሰው የለም። በዚህ መንገድ አራት ዓመት ማለፍ ይቻል የነበረበት ጊዜ ነበር። በ2015 ለመመረቅ ማለፍ ግድ የሆነው የመውጫ ፈተና ተጀመረና ያ መንገድ ተዘጋ። በመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ያለፈው 40 ከመቶ ገደማ ነበር። የቀሩት ኮርሶቻቸውን ሁሉ አልፈው የመጡ፣ ብዙዎቹም የምረቃ ሱፍ ያሰፉ ልጆች ነበሩ። የሚፈተነው ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ ከግሩፑ አምስቱ ስሞች አጠገቡ የሉም። የወጪ መጋራት ውሉን ደግሞ ትፈርማላችሁ፤ ዕዳው ትምህርቱ ገባችሁም አልገባችሁም ዕዳ ነው።

ጫቱን በአጭሩ ልለፈው። “ለጥናት ነው” ይባላል። እንቅልፍ የነሣችሁ ሌሊት ነገ ከክፍል ያስቀራችኋል፤ የቀራችሁበት ክፍል ሌላ የማይገባ ነገር ይጨምርባችኋል፤ እሱን ለማካካስ ሌላ ሌሊት። በዚህ ዙር የገባ ተማሪ ሲወጣ ያየሁት ጥቂት ነው።

ወላጆችም ስሙኝ። ልጁ ገና ከመናኸሪያ ሳይወርድ “ሕክምና ካልሆነ፣ ኢንጂነሪንግ ካልሆነ” ትሉታላችሁ። በየሳምንቱ ስትደውሉ “ትምህርት እንዴት ነው?” ትላላችሁ፣ “ጥሩ ነው” ይላል፤ በዚያው ይዘጋል። “ጥሩ ነው”ም ከዚያ የክፍል “አዎ” የተለየ አይደለም፤ ከእናንተ ነው የለመደው። እስቲ በዚህ ዓመት ጥያቄውን ቀይሩት። “በዚህ ሳምንት ያስቸገረህ ምንድን ነው?” በሉት። ሒሳቡን እናንተ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። “ከበደኝ” ብሎ ሲናገር አለመቆጣት፣ የእገሌ ልጅ እንዲህ አመጣ አለማለት ግን ትችላላችሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ እናንተንም አልተዋችሁም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጠየቀን ልጅ በክፍል ፊት የምታርሙ፣ “ይሄን 8ኛ ክፍል አልተማርክም እንዴ?” የምትሉ አላችሁ። አልተማረም ይሆናል! እኔም ብያለሁ፤ አንድ ጊዜ ብዬ፣ ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከእሷ በኋላ እሱ ብቻ አይደለም ዝም ያለው፤ ክፍሉ ሁሉ ነው።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ እኛ እስክንሻሻል አትጠብቁን። በመጀመሪያው ሳምንት ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ደብተራችሁ ኋላ ገጽ ላይ ያልገባኝ የሚል ርዕስ ጻፉና በየቀኑ ሙሉት። ዓርብ ሲደርስ ከዚያ አንዱን ይዛችሁ የአንድ መምህር በር አንኳኩ፤ አንደኛው ቢገፋችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ማታም ዶርም ውስጥ፣ ላይኛው አልጋ ላይ ያለ ልጅ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፉን ከብርድ ልብሱ ሥር ሲያወጣ ብታዩት አትሳቁበት። የእናንተንም አውጡና አጠገቡ ተቀመጡ።