ለአሮጌ ሳይክል ረጅም ሹካ አትግዙ

የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው። አምና ለፋሲካ ሲመጣ አንድ የሳይክል የፊት ሹካ በፎጣ ጠቅልሎ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ 120 ሚሊሜትር የሚሰምጥ ባለሞላ። «እንዲህ ዓይነቱን አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም አልነዳሁትም።

ሹካው እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ ተሰቅሏል። አንገቱ፣ ማለትም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ቱቦ፣ ውፍረቱ ከላይ 28.6 ሚሊሜትር ይሆንና ወደ ታች እየሰፋ 38.1 ይደርሳል። የእኔ ማውንቴን ሳይክል በፈረንጆቹ የ1996 ስሪት ነው። ይህን አንገት የሚቀበለው የፍሬሙ ቱቦ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው፤ ውስጡ 34 ሚሊሜትር ብቻ። 38ን 34 ውስጥ የሚያስገባ መካኒክ ገና አልተወለደም።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። «ለማውንቴን ሳይክል የሚሆን ሹካ ፈልግልኝ» ብዬ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እሱም እንደማንኛውም ሰው አሰበ፦ ብዙ የሚሰምጥ ሹካ የተሻለ ሹካ ነው። እኔ የምለው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ለአሮጌ ሳይክል ሹካ ሲመረጥ፣ ስንት እንደሚሰምጥ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁመቱ ነው፤ ከጎማው አክስል እስከ አንገቱ ሥር፣ በሜትር ተለክቶ።

ለምን? የዚያ ዘመን ፍሬሞች የተሠሩት ለአጭር ሹካ ነው። ሞላ ያለው ሹካ ራሱ ያኔ ገና ልጅ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ማውንቴን ሳይክል ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1990 ዴንቨር ባለችበት ግዛት ኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ላይ ሲካሄድ፣ የሹካ አምራቹ የሮክሾክስ የመጀመሪያ ሹካ የሚሰምጠው 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። የእኔም ኦሪጅናል ሹካ 63 ሚሊሜትር ነው የሚሰምጠው፤ ቁመቱ ደግሞ 430።

ዘመዴ ያመጣውን ስለካው 525 ሆነ። በግምት ሹካው በ20 ሚሊሜትር በረዘመ ቁጥር የፍሬሙ አንገት አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል። አስሉት። አንገቱ ቢገባ ኖሮ እንኳ ሳይክሌ ከ4 ዲግሪ በላይ ተንጋልሎ ነበር። በእንዲህ ያለ ሳይክል እንጦጦን ለመውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ የፊት ጎማው መሬት አይነክስም፣ መሪው ይዋልላል፣ ፔዳል ስትመታ ፊቱ ወደ ላይ ይላል። ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ረጅም ሹካ እንደ ረጅም ዘንግ ፍሬሙን ይፈለቅቃል። ጭነቱ የሚያርፈው ከአንገቱ ሥር ያለው ብየዳ ላይ ነው። እዚያ ጋ የተሰነጠቀ ፍሬም ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም። ከኦሪጅናሉ 20 ሚሊሜትር ቢረዝም እታገሣለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልነካውም።

«ለምን አሮጌውን አታስጠግነውም?» የሚለኝ አለ። ሞክሬያለሁ። ከመካኒኬ ጋር ፈታነው። ውስጡ የብረት ሞላ የለም፤ እንደ ጎማ ያሉ ቢጫ ድብልብሎች ናቸው የተደረደሩት። የዚያ ዘመን ብዙ ሹካ እንደዚያ ነበር። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። መካኒኬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሄ ከሞተ ቆይቷል፣ አንተ ነህ ያልቀበርከው» አለኝ። ለካ እስከዚያ ቀን ስነዳ የነበረው ሞላ የሌለው ሹካ ነው! ምንም አልጎደለብኝም ነበር።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሱቅ ርካሹን አዲስ ሹካ ገዝቶ መግጠምስ? ለእኔ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ይሄ ነው። ኪሎውን ተመልከቱ። ርካሽ ባለሞላ ሹካ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ሞላው የሚሠራው ትልቅ ጉድጓድ ሲያገኝ ነው። የኛ ሰፈር ችግር ደግሞ ኮብልስቶን ነው፤ ትንንሽና የማያባራ ንቅናቄ። ርካሹ ሹካ ያን ሁሉ ወደ እጅህ ያሳልፈዋል። ኮብልስቶንን የሚያስታግሰው ሰፊ ጎማና ነፋሱን ትንሽ መቀነስ ነው። ሹካ አይደለም።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ፤ ሞላው በሞተ ሹካ ስነዳ ምንም አልጎደለብኝም። ስለዚህ ብዙዎች የሚስቁበትን ሐሳብ ልናገር። ለ90ዎቹ ሳይክል ጥሩ ምትክ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሞላ የሌለው፣ ደረቅ የብረት ሹካ ነው። ክብደቱ ከርካሹ ባለሞላ ግማሽ ያህል ነው። ጎሚኒ አይበላም፣ ዘይት አያፈስም። ብቻ ቁመቱ ባለሞላ ሹካ ለነበረው ፍሬም የተመጠነ ይሁን። ተራው ደረቅ ሹካ 400 አካባቢ ስለሆነ ለእኔ ያጥራል፣ ሳይክሉንም ወደ ፊት ይደፋዋል። ቁልቁለት እየወረደ ድንጋይ ለድንጋይ ለሚዘል ጎረምሳ ይሄ ምክር አይሠራም፤ እሱ ሳይክሉን ራሱን ቢቀይር ይሻለዋል።

ያገለገለ ባለሞላ ካገኛችሁ እግሮቹን በጥፍራችሁ ዳብሱ። ዝገት የበላው ወይም የተቧጨረ ከሆነ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል፣ ተዉት። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ውስጡ አልቋል። ፍሬናችሁ ቸርኬ የሚይዝ ከሆነ ሹካው ላይ የፍሬን መያዣ ጉጦች መኖራቸውን እዩ፤ አዳዲሶቹ ለዲስክ ፍሬን ብቻ ስለሚሠሩ ብዙዎቹ የላቸውም። የአክስሉንም ዓይነት አትርሱ። አሮጌው ጎማ 9 ሚሊሜትር ይፈልጋል፣ አዲሱ ሹካ 15። ያኔ ሹካ ገዝታችሁ ጎማ ልትገዙ ነው።

አንገቱም አለ። የመጀመሪያው ባለቤት ለራሱ ሳይክል ቆርጦት ይሆናል። የረዘመ አንገት ይቆረጣል፤ ያጠረውን ግን በብየዳ እቀጥላለሁ ለሚል ሰው ሳይክላችሁን እንዳትሰጡ።

ዘንድሮ ለዘመዴ በቴሌግራም ቁጥሮቹን ላክሁለት፦ ቁመት 430፣ አንገት 28.6 ወጥ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 185፣ አክስል 9፣ ጎማ 26 ኢንች። «ይሄ የሎተሪ ቁጥር ነው እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከ። አንድ ደረቅ የብረት ሹካ ከሜትር ጎን ተጋድሟል። ቁመቱ 432። ደስ አለኝ። ከዚያ ፎቶውን ከፍ አድርጌ አንገቱን አየሁት፤ 160 ላይ ተቆርጧል። «ይቅር» አልኩት። «ምን ቸገረህ፣ የምመጣው ለመስቀል ነው» አለኝ።