ስለ ኪራይ የሚያስብ መራጭ ሞኝ አይደለም

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ውጭ አገር ከሚኖር አንድ የአማርኛ ተንታኝ የሰማሁት ነገር እስካሁን እየከነከነኝ ነው። ሰውዬው ዩቲዩብ ላይ ተቀምጦ ስለ ኒውዮርክ የከንቲባ ምርጫ ያብራራል። ዕጩውን ዞህራን ማምዳኒን የሚደግፈው መራጭ ነገሩ አልገባውም አለ። ወጣት ስለሆነ፣ ቲክቶክ ላይ ስለሚውል፣ ደርግን ስላላየ ነው አለ። ደርግን ያየን እኛ ብንሆን እንዲህ ያለ ኮሚኒስት አንመርጥም ነበር አለ። ዶናልድ ትራምፕ ለወራት «ኮሚኒስት» እያሉ ሲጠሩት ከርመዋል፤ ሰውዬው ያንኑ በአማርኛ ደግሞ የራሱ ግኝት አስመሰለው። ከዚያ ሼር አድርጉ አለ። ደሴ ውስጥ ስንቱ ሼር እንዳደረገው ብታዩ!

እኔም የደርግ ዘመን ልጅ ነኝ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አውቃለሁ፤ ስኳር በራሽን፣ ሳሙና በራሽን። ደርግ ግን አንድም ቀን «ከንቲባ ልንሾም ነውና ድምፃችሁን ስጡ» ብሎ ሰፈራችን መጥቶ አያውቅም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለቤቱንም ተከራዩንም ምን ይመስላችኋል ያለ አልነበረም። አዋጁ ተነበበ፣ አለቀ። ማምዳኒ ግን ሰኔ ላይ በፓርቲው በዴሞክራቶቹ ውስጥ ተወዳድሮ የቀድሞውን የግዛቲቱን ገዥ አንድሩ ኩሞን በመጨረሻው ቆጠራ 56 ለ44 አሸንፏል። ኩሞ በግል ተመልሶ መጣ፣ ስለዚህ ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደገና ተፋጠጡ። የሪፐብሊካኑ ከርቲስ ስሊዋም ነበረ። ያሸነፈው ማምዳኒ ነው፤ እሱም ቢሆን ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ድምፅ መለመኑ አይቀርም። ይህን ከደርግ ጋር ያምታታ ሰው ሌላውን አልገባውም ለማለት ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ።

ለመሆኑ ማምዳኒን ኮሚኒስት ያሰኘው ምንድን ነው? የቤት ኪራይ ባለበት ይቁም አለ። የከተማ አውቶቡስ በነፃ ይሁን አለ። ለሕፃናት ማቆያ ወላጅ አይክፈል አለ። በአምስቱ የከተማዋ ክፍሎች አንድ አንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ከተማው ራሱ ይክፈት አለ። አምስት መደብር፣ ያውም ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለባት ከተማ! በዚህ ሂሳብ ከሄድን እኛ ዘይትና ስኳር የምንገዛበትን የሸማቾች ማኅበር የከፈተው ማርክስ ራሱ ነው። የእሁድ ገበያውንም ሌኒን ሳይመርቀው አይቀርም።

ዋናው ነገር ግን ኪራዩ ነው። ተንታኙም የዘለለው ይህንኑ ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ኪራያቸው በሕግ የተገደበ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ቤቶች አሉ። የእነዚህ ቤቶች ኪራይ በየዓመቱ ስንት በመቶ ይጨምር የሚለውን የሚወስነው ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያለ ነው። አባላቱን የሚሾመው ከንቲባው ነው። ማምዳኒ ያለው፣ ጭማሪውን ዜሮ የሚያደርጉ ሰዎች እሾማለሁ ነው። በቃ ይኸው ነው። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ደ ብላዚዮ ከንቲባ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2016 እና በ2020 ቦርዱ ጭማሪ ከልክሎ ነበር። ያኔ ኒውዮርክ ቀይ ባንዲራ አልሰቀለችም። የአክሲዮን ገበያውም በሩን አልዘጋም። ከማምዳኒ በፊት በነበሩት ከንቲባ በኤሪክ አዳምስ ዘመን ግን በየዓመቱ ሦስት በመቶ አካባቢ ተጨመረ። በአራት ዓመት ተደምሮ ወደ 12 በመቶ መጣ። መራጩ የተቆጣው በዚህ ነው።

የደሴ አንባቢ እዚህ ላይ ሳይስቅ አይቀርም። በዓመት ሦስት በመቶ! እኛ ጋ አንድ አከራይ ሦስት በመቶ ብቻ ጨመረ ቢባል ሰፈሩ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግለታል።

መስከረም ሲጠባ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አደይ አበባው ሳይረግፍ አከራይዋ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ የልጆች ጤና ይጠየቃል። ቡና ከተፈላ ይጠጣል። ከዚያ «እንግዲህ ኑሮው እንደምታዩት ነው» ይላሉ። እሷ ከተባለች የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው። በቁጥሩ ካልተስማማህ «ልጄ ከዐረብ አገር ልትገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ትባላለህ። ልጅቷ አትመጣም። የሚመጣው ደላላው ነው፣ የተሻለ የሚከፍል ተከራይ ይዞ። ልጅ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ፣ ዩኒፎርም ተገዝቶ ካበቃ በኋላ እኮ ነው ይህ ሁሉ። የት ትሄዳለህ? ትከፍላለህ።

ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር የሚመላለስ አንድ የማውቀው የባጃጅ ሹፌር አለ። ስለ ማምዳኒ ሳወራለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እዚያም አከራይ በመስከረም ነው እንዴ የሚጨምረው?» ሃይማኖቱ ምንድን ነው አላለኝም። ኮሚኒስት ነው ወይ አላለኝም። ስለ ኒውዮርክ ምርጫ ያን ሰሞን በአማርኛ ከተባለው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይህ ጥያቄ ነው። ካሜራ ፊት ከተቀመጠው ሰውዬ ይልቅ ምርጫው የገባው ይህ ልጅ ነው። ማስረጃህ ምንድን ነው የሚለኝ ካለ መስከረም ላይ ደሴ መጥቶ ቤት ይከራይ።

እንኳን ኒውዮርክ፣ የእኛው ፓርላማ በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አውጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። አከራይ ባሻው ጊዜ፣ ባሻው መጠን አይጨምርም ይላል። ፓርላማው ኮሚኒስት ሆነ ያለ ተንታኝ አልሰማሁም። ደሴ ላይ አዋጁን ያነበበ አከራይም እስካሁን አልገጠመኝም።

ኪራይ ካልጨመረ አከራይ ቤቱን አያድስም የሚል ክርክር አለ። እውነትነት አለው። የቀበሌ ቤት ቆርቆሮ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እኛ ጋ ግን ኪራዩ በየዓመቱ እየጨመረም ጣሪያው ያፈሳል። ኩሞም ማምዳኒን በዚሁ በኪራይ ወርፎታል። በዓመት 142,000 ዶላር የሚከፈለው የምክር ቤት አባል፣ ኪራዩ በሕግ የተገደበ ቤት በወር 2,300 ዶላር ይዞ የድሃውን ቦታ ዘጋ አለ። ይህችንስ እናውቃታለን። ሌላ ቦታ የሠራውን ፎቅ አከራይቶ ራሱ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ወቀሳው ግን ብዙም የሠራ አይመስልም። ተከራዩ መራጭ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ለካ እሱም ተከራይ ነው» የሚለውን ነው መሰለኝ።

ከዚያ ደግሞ «ልምድ የለውም» ይመጣል። ገና 34 ዓመቱ ነው፣ ልጅ ነው ይባል ነበር። እሺ፣ ባለልምዶቹን እንያቸው። አዳምስ 22 ዓመት ፖሊስ ነበሩ፣ የግዛቲቱ ሴናተር ነበሩ፣ የብሩክሊን አስተዳዳሪ ነበሩ። ከንቲባ ሆነው በሙስና ተከሰሱ። ክሱ የተዘጋው የትራምፕ ፍትሕ ሚኒስቴር ይዘጋልኝ ብሎ ስለጠየቀ ነው። መስከረም ላይ ከውድድሩ ወጡ፣ ጥቅምት ላይ ኩሞን ምረጡ አሉ። ኩሞ ደግሞ ሦስት ጊዜ ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥልጣን የለቀቁት 11 ሴቶችን ተንኩሰዋል የሚል የዐቃቤ ሕግ ሪፖርት ከወጣባቸው በኋላ ነው። እሳቸው ይክዳሉ። ልምድማ ሞልቷል! በዚያው ዓመት ማምዳኒ የት እንደነበር ታውቃላችሁ? የታክሲ ፈቃድ ለመግዛት በተበደሩት ዕዳ ከተዘፈቁ ሹፌሮች ጋር 15 ቀን ምግብ ሳይበላ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሹፌሮቹ ዕዳቸው ተቀነሰላቸው። የታክሲ ሹፌር ዘመድ አሜሪካ ያለው የወሎ ሰው ይህ ከስንት ዓመት የቢሮ ልምድ እንደሚበልጥ ራሱ ይመዝን።

አውቶቡሱን በተመለከተ ተቺዎቹ አንድ ነጥብ አላቸው። አውቶቡሶቹን የሚያስተዳድረው የግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከንቲባ ብቻውን ያኔ 2.90 ዶላር የነበረውን ቲኬት ሊያስቀር አይችልም። ሀብታሙ ላይ ግብር መጨመርም የከንቲባ ሥልጣን አይደለም። ይሁን። መራጩ ይህን አያውቅም ማለት ግን ንቀት ነው። አምስት መስመሮች ላይ አውቶቡስ በነፃ ተሞክሮ ነበር፤ ሰው ተሳፍሮበት አይቶታል።

ስለ ሃይማኖቱ ብዙ አልልም። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ «ሌላ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ቢመጣ ይደሰታል» ብሎ ማምዳኒን ሲሰድብ ኩሞ አብረው ሳቁ። ይህ አስነዋሪ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ገናና ዒድ ለሚውልበት የወሎ ሰው ነገሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ግን እኛም መንደር «ሙስሊም ስለሆነ ብቻ» ደስ ያላቸው አሉ፤ በዚያው ምክንያት የከፋቸውም አሉ። ሁለቱም ወገኖች አንድም ቀን ስለ ኪራይ ሲያነሱ አልሰማሁም። የኒውዮርክ መራጭ ኑሮ ተወደደብኝ እያለ ይጮኻል፣ እኛ የሰውዬውን ስም እየገለበጥን ከየትኛው ወገን ነው እንላለን።

«የደሴ ሰው ስለ ኒውዮርክ ከንቲባ ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ስለ ራሱ ከንቲባ አስተያየቱን የጠየቀው ስለሌለ ነው። እኛ ጋ ከንቲባ በምክር ቤት ነው የሚሰየመው። ማን ሊሾም እንደሆነ የምንሰማው ሹመቱ ካለቀ በኋላ በፌስቡክ ነው። በአገር ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔም ኢሕአዴግ ያሸነፈው ተፎካካሪ አልነበረውም በሚባል ሁኔታ ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ የአባቱን ጫማ ይለካል። ከንቲባ በቀጥታ እንምረጥ ስትል «ሕዝቡ ገና አልበሰለም» ትባላለህ። ተንታኙ ስለ ኒውዮርክ ሕዝብ ያለውም ይኸንኑ ነው። ስምንት ሚሊዮኑም አልበሰለም፣ ደሴም አልበሰለችም። የበሰለው ዩቲዩብ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

የኒውዮርክ ምርጫ ጣቢያዎች ሲዘጉ እኛ ጋ ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። መብራት ካለ እከታተላለሁ ብዬ ነበር። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ማምዳኒ እየመራ ነው ይሉ ነበር፤ አሸነፈም። ቢሸነፍም ኖሮ የጻፍኩትን አልሰርዝም ነበር።

የእኛ አገራዊ ምርጫ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ነው የተባለው። ወረቀቱ ላይ የከንቲባ ስም አይኖርም። ቢሆንም የክልላችን ሰላም ፈቅዶ ድምፅ ሊለምነኝ የሚመጣ ዕጩ ካለ ጥያቄዬ ከአሁኑ ተዘጋጅቷል። አዋጅ 1320 እኛ ሰፈር የሚደርሰው መቼ ነው? ስለ ባሕር በሩ በኋላ ይነግረኛል።