ፎቶ ያልተነሳችው ራምብለር

ባለፈው እሁድ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ አንድ የገበያ ማዕከል ግቢ ውስጥ የድሮ መኪኖች ተደርድረው አየንና ወረድን። ጓደኞቼ በቀጥታ ወደ ታዋቂው የፎርድ መኪና፣ ወደ ሙስታንጉ ሄዱ። ተራ ጠብቀው ፎቶ ተነሱ።

ጥግ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። ጎኗ ሰፊ ቀይ ተቀብቷል። ኮፈኗ ላይ የአየር ማስገቢያ አለ፤ ወደሱ የሚጠቁም ትልቅ ሰማያዊ ቀስት ተስሎበታል። «ይቺ ደግሞ የማን ታክሲ ናት?» አለ አንዱ ጓደኛዬ። አናደደኝ።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ታጣፊ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። መኪናዋ ኤስሲ ራምብለር ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 ብቻ የተመረተች፣ ብዛቷም 1,512። የሠራት አሜሪካን ሞተርስ ነው፤ ከፎርድ፣ ከጂኤምና ከክራይስለር ጋር እየታገለ የኖረ ትንሽ ኩባንያ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1987 ክራይስለር ገዛው።

ራምብለር እኮ ነዳጅ ቆጣቢ የቤተሰብ መኪና ነበረች! በዚያች ቀላል አካል ውስጥ 6.4 ሊትር ሞተር ከተቱባት። 315 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሰዓት መሪው ዘንግ ላይ ታስሯል። ዋጋዋ 3,000 ዶላር አይሞላም ነበር። ደመወዝተኛ ወጣት ገዝቶ ባለ ስሞቹን መኪኖች የሚያስከነዳባት ናት። ይቺን ትቶ ሙስታንግ ጋ መሰለፍ ምን ይባላል?

ታርጋዋን አየሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና 25 ዓመት ሲሞላው የቅርስ ታርጋ ይሰጠዋል፤ ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ይሆናል። ዕድሜ ያስከብራል ማለት ነው።

እኛ ቤት ግን ፔጆ 404 ነበረችን። አባቴ ደሴ ድረስ ሲያመላልሳት የኖረ መኪና። እሱ ካረፈ በኋላ፣ እኔ እዚህ እያለሁ፣ «ግቢ አጣበበች» ተባለ። ሶማሌ ተራ ወስደው ፈታቷት፣ የተረፈው ብረት ምናለሽ ተራ ገባ። ማንም አልጠየቀኝም። ቅራቅንቦ ነበረች በቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ እንኳ ወዳጅ አላት። 404ን ማን ያስታውሳታል?

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። ለጭሱና ለአደጋው ከሆነ ይገባኛል። የእኛዋ ግን ከውጭ የምትገባ አልነበረችም። ግቢያችን ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ነበረች።

ሽማግሌው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሱልኝ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ጓደኞቼ ያኔ ነው ዞረው ያዩን።

ማታ ቤት ደወልኩ። «እማዬ፣ የፔጆዋ ሊብሬ አለ?»

«ከአባትህ ወረቀቶች ጋር ሳጥን ውስጥ አለ። ምን ይሠራልሃል?»

«እንዳትጥይው» አልኳት።