የኮድ ስልጠና ከኔትወርክ መቋረጥ ይጀምር

ድሬዳዋ ባቡር፣ ደረቅ ወደብና ነፃ የንግድ ቀጠና ያላት የነጋዴ ከተማ ናት። እዚህ ፕሮግራሚንግ የሚማር ወጣት እንጀራው ያለው የሱቁን፣ የመጋዘኑንና የክፍያውን ሥርዓት በማገናኘት ላይ ነው። ስልጠናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬምወርክ (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ይጀምርና የሚያምር ገጽ ላይ ያበቃል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለ ጅምላ ነጋዴን እንውሰድ። ቸርቻሪ በስልኩ 20 ካርቶን ዘይት ያዛል። ትእዛዙ ሰርቨሩ ላይ ተመዝግቧል፤ መልሱ ግን ኔትወርክ ተቋርጦ መንገድ ላይ ቀረ። ስልኩ «አልተሳካም» ሲለው ደግሞ ይልካል፤ ዳታቤዙ ውስጥ 40 ካርቶን ተመዘገበ። ተማሪው ሁሉንም ነገር አንድ ላፕቶፕ ላይ ስለሚሞክር ይህን ጣጣ አያየውም።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ትእዛዙ ሲዘጋጅ ስልኩ አንድ መለያ ቁጥር ያውጣ፤ ድጋሚ ሲላክም ያው ቁጥር ይሂድ። ጀማሪዎች «ላክ» የሚለው ቁልፍ በተነካ ቁጥር አዲስ መለያ ያወጣሉ፤ ያኔ ድካሙ ከንቱ ነው። ሰርቨሩ መለያውን ከትእዛዙ ጋር በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁለቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ አንዱም አይመዘገብም) ይመዝግብ፤ ዳታቤዙም መለያው እንዳይደገም ይከልክል። «ፈልግ፣ ከሌለ አስገባ» የሚል ኮድ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ጥያቄ እኩል ከደረሱ ሁለቱም «የለም» ተብለው ይገባሉ። መለያው ሲደገም የመጀመሪያው መልስ ራሱ ይመለስ። ቸርቻሪው ማወቅ የሚፈልገው ዘይቱ መታዘዙን እንጂ ስንቴ እንደላከ አይደለም።

ገንዘብ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። በተንሳፋፊ ነጥብ (ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥርን በግምት በሚይዝበት መንገድ) 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 አይመጣም። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም የት ላይ እንደሚጠጋጋ አስቀድሞ ይወሰን፦ እያንዳንዱ 11 ብር ከ10 ሳንቲም የሚሸጥ ሦስት ዕቃ ታክሱ በየዕቃው ሲጠጋጋ 5 ብር ከ1 ሳንቲም፣ በድምሩ ሲጠጋጋ ደግሞ 5 ብር ይሆናል። አንዷ ሳንቲም ሒሳብ ሠራተኛውን ታስመሻለች።

ቀኑስ? ጥቅምት 30ን «2ኛ ወር፣ 30» ብሎ በቀን ዓምድ ውስጥ ያስገባ ሰው ዳታቤዙ የካቲት መስሎት ይመልስበታል። የፈረንጁ የካቲት 30 የለውማ! ጳጉሜንማ ጭራሽ 13ኛ ወር ናት። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ መለኪያ ይቀመጥና ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ይሁን።

የክፍያ ማሳወቂያም ሊዘገይ ወይም ሊደገም ይችላል። ደንበኛው ስልክ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ገጽ መታየቱ ማስረጃ አይደለም፤ የማሳወቂያው ዲጂታል ፊርማ ተረጋግጦ፣ መጠኑም ከትእዛዙ ጋር ተመሳክሮ ነው ዕቃ የሚወጣው።

ሥርዓቶች በኔትወርክ ከሚነጋገሩባቸው ስልቶች ሶፕ (SOAP) ወይስ ሬስት (REST) የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይፍጅ። አዲስ ሥራ በሬስት ይሠራ፤ የቆየ ሥርዓት ሲገጥም የሶፕን ሰነድ ማንበብ መቻል ይበቃል።

ሰርተፍኬት የሚሰጥ አሠልጣኝ ፈተናውን እንዲህ ያድርገው፦ ያንኑ ትእዛዝ 50 ጊዜ በአንዴ ይላክ፣ መሃል ላይ ሰርቨሩ ይገደል፣ ተነሥቶም ድጋሚ ይላክ። ዳታቤዙ ውስጥ ከአንድ ትእዛዝ በላይ ከተገኘ ተማሪው ይመለስ።