ጫካ ካለ ድርሰት ለምኔ

የዝቅተኛ በጀት የግድያ ፊልም ሠሪዎቻችን እስካሁን አንድ ሽልማት እንኳ አለማግኘታቸው ያስተዛዝባል። አምስት ወጣት፣ አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ገጀራ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ጎጃሙ ጮቄ ተራራ! ድርሰቱስ? መንገድ ላይ ይጻፋል። መብራቱስ? ጨረቃ ታዲያ ምን ሥራ አላት!

«ምነው ሁልጊዜ ጭር ያለ ቦታ?» እያሉ የሚነቅፏቸው አሉ። አላዋቂዎች ናቸው። ጭር ያለ ቦታ የመንገድ መዝጊያ፣ የአጃቢ ተዋናይና የቤት ኪራይ ወጪን ያስቀራል፤ ፈረንጆቹም የጀመሩት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ «ዘ ኢቭል ዴድ» የተባለው አስፈሪ ፊልም አሜሪካ፣ ቴኔሲ ውስጥ በአንድ የተተወ ጎጆ ሲቀረጽ፣ ለካሜራ ማንሸራተቻ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ካሜራውን ሳንቃ ላይ አስረው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ጫካ ለጫካ ሮጠ። የእኛዎቹ ከዚህ ታሪክ ገንዘብ ማጣቱን ወርሰው ሳንቃውን ትተውታል። ስልኩን በእጅ ይዞ መሮጥ እያለ ሳንቃ ማን ይሸከማል?

እርግጥ ጎጃም ራሱ ለዚህ ጥበብ ብዙም አይተባበርም። በእንዲህ ያለ ፊልም ወጣቶቹን መንገድ ላይ አግኝቶ «ወደዚያ አትሂዱ» የሚል ሽማግሌ የግድ ነው። የፈረንጁ ሽማግሌ አስጠንቅቆ፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የጎጃሙ ግን «ልጆቼ፣ መሽቷል፤ እኔ ልሙት ከዚህ ንቅንቅ አትሉም» ብሎ የሚኒባሱን በር ይይዛል። እግር ይታጠባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ መደብ ላይ አጎዛ ይነጠፋል፤ ፊልሙም አንድ ሰው ሳይሞትበት በስድስተኛው ደቂቃ ያልቃል። ዳይሬክተሮቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሽማግሌውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይመጣሉ።

ጀግናዋ «ኡኡ!» ስትል ደግሞ ገዳዩ ሳይደርስባት አገሬው ይደርስላታል። ባዶ የመሰለው ተራራ በአንዴ እረኛ፣ ገበሬና ዱላ ያበቅላል፤ ገዳዩን ሆኖ ጆንያ ያጠለቀው ተዋናይ «ኧረ ፊልም ነው!» እስኪል ማን ይጠብቀዋል? ለቀበሌው ደብዳቤ ማስገባት፣ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ቀደም ብሎ መንገር፣ ተዋናይቷ ቦታው ላይ አፏን ብቻ ከፍታ እውነተኛውን ጩኸት መስኮቱ በተዘጋና ብርድ ልብስ በተሰቀለበት መኪና ውስጥ ለብቻ መቅዳት ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ የናቁት ለተፈጥሯዊ ትወና ካላቸው ፍቅር ነው።

ዘንገናንም ማን እንደነሱ አወቀበት! እሳተ ገሞራ የወለደው ሐይቅ፣ ዙሪያው ደን፣ ውሃው ዝም። አስፋልቱ ግን አጠገቡ ነው። ገዳዩ ትንፋሹን ውጦ ሲያደባ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ሲኖትራክ ማርሽ ቀንሶ እያጓራ ያልፋል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የቦታውን ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ መቅዳት የማንም አእምሮ ውስጥ ስለማይገባ፣ ኤዲተሩ የሚሸፍንበት ነገር ያጣና ከኢንተርኔት ያወረደውን የፌንጣ ድምፅ ይለጥፍበታል። ፌንጣዎቹም ሾት በተቀየረ ቁጥር እየተደነቃቀፉ ይጮኻሉ። ገጀራው ከቆዳ አፎት ሲመዘዝ «ሽንንግ!» የሚለው ነገርስ? ቆዳ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ይሁንላቸው።

ጨረቃዋን እንይ። ስልክ ጨለማ ሲገጥመው የብርሃን ስሜቱን አለመጠን ይጨምራል፤ ምስሉም ጉንዳን የወረረው ቆሎ ይመስላል። ሌሎች አገሮች ሌሊቱን በቀን ይሠሩታል፦ ፀሐይን ከተዋናዩ ኋላ ማድረግ፣ ሰማዩን ከፍሬም ማስወጣት፣ ብርሃኑን ሁለት ስቶፕ (ወደ ሩብ) መቀነስ፣ የካሜራውን የቀለም ሚዛን 3,200 ኬልቪን ላይ አድርጎ ሰማያዊ ማስመሰል። የእኛ ጀግኖች እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይጸየፋሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ላይ፣ በጅብራና በአስታ መካከል፣ በእውነተኛ ሌሊት ይቀርጻሉ። ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ እንደሚደክም፣ መለዋወጫውን ደረት ኪስ ውስጥ በገላ ሙቀት ማቆየት እንደሚበጅ የሚነግራቸው ቢመጣ አይሰሙትም። ሁለተኛው ሟች ሳይሞት ስልኩ ይሞታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በወቅቶች ላይ ያላቸው ሥልጣን ነው። ቀረጻው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ስለሚቀጥል መስከረም ላይ ይጀመርና ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልቃል። ልጅቷ ከገዳዩ ስትሸሽ አደይ አበባ እየረገጠች ጤፍ ማሳ ውስጥ ትገባለች፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው። በሌላኛው ጫፍ ስትወጣ ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሯል። አንድ ሌሊት ነው የሮጠችው! እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ሃሎዊን» የተባለ የግድያ ፊልም ካሊፎርኒያ ውስጥ በጸደይ ተቀርጾ ታሪኩ ቅጠል በሚረግፍበት በመጸው ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ ቅጠል ቀለም እየቀቡ በትነው፣ ሾቱ ሲያልቅ መልሰው እየለቀሙ እንደገና ይጠቀሙበት ነበር። እንዴት ያለ ድካም! እኛ ዘንድ ቅጠል የሚለቅም ፕሮዲዩሰር የለም፤ ተመልካች ነው አስተያየት የሚለቅመው።

ያው ፊልም ከሁለት ዶላር ባነሰ የተገዛ የተዋናይ ፊት ጭምብል ነጭ ቀብቶ፣ የዓይን ቀዳዳውን አስፍቶ ዓለምን አስፈራ። የእኛ ገዳይ የማዳበሪያ ጆንያ ያጠልቃል። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ርካሽ ነው፣ የአገር ነው። ጆንያውን ገልብጦ መስፋት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ስላልተገለበጠ ግን፣ ሟቿ በመጨረሻ ትንፋሿ ቀና ስትል ግንባሩ ላይ የምታነበው «50 ኪ.ግ» ነው። ቀዳዳዎቹም ከዓይኑ ጋር ስለማይገጥሙ እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ አይታየውም፤ አሳዳጁ ከተሳዳጇ ቀድሞ ይወድቃል።

ደሙማ ድልህ ነው። ነጭ ሸሚዝ ላይ ብርቱካንማ ሆኖ ይቆማል እንጂ አይፈስም፤ ሸሚዙም አንድ ብቻ ስለሆነ ታጥቦ ለሁለተኛው ቀረጻ ሮዝ ሆኖ ይመለሳል። ከመካከላቸው የተሻለ የተማረው ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ለማጥቆሪያ ቁንጥር ኮኮዋ ጨምሮ የሚያምር ደም ይሠራል። ከዚያ ጎጃም የማር አገር መሆኑን ይረሳና ሬሳውን በረፋድ ፀሐይ ሜዳ ላይ ያስተኛዋል። ንቦቹ ሲደርሱ ሟቹ ከገዳዩ በልጦ ይሮጣል። ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ንብ ከቀፎ ሳትወጣ ቢቀረጽ ኖሮ ሬሳው ሬሳ ሆኖ በቆየ ነበር፤ ግን ቡድኑ ማለዳ ቁርስ ላይ ነው።

እንዲህ የተደከመበት ሥራ በመጨረሻ ዩቲዩብ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ ይወጣል። ክፍል ሁለትም አብሮ ይታወጃል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ 70 ደቂቃ መቀመጥ ለሚሰለቸው ተመልካችም ታስቦለታል፤ ጆንያውን ያወለቀ ፊቱ፣ በቀይ ክብ ተከብቦና በቀስት ተጠቁሞ፣ ፖስተሩ ላይ አለ።