ግድግዳውን ሳታዩ አትፈርሙ
ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባለው አዲስ ቦታ ቤት ይዞ ለሚገባ ሰው አያሳስብም ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል ማለት እኮ አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። 30 ዓመት ለሚኖርበት ሰው ወደ 26 በመቶ ይጠጋል፤ ከአራት አንድ!

የመሬት መንቀጥቀጥ ቀኑን አይናገርም፤ እዚያ ወሳኙ የቤቱ አሠራር ነው። ጎርፍ ግን ምልክት ትቶ ይሄዳል። አንዴ ልከራይ ያየሁት ቤት ቀለሙ አዲስ ነበር። ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ሳደርገው ከኋላው ጉልበቴ ድረስ ቡናማ መስመር አለ። የበሩም ታች አብጧል። አከራዩን ብጠይቀው ዝም አለኝ። እባካችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሰፈሩ ውስጥ የቆዩ ሰዎችን ጠይቁ፤ ዝናብ ሲበረታ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃሉ።