በእንቅልፍ ሰዓት አትጩሁብን

ዛሬ ልጻፈው። ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ወራት አልፈዋል።

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። መብራቱን አጥፍተናል። ስልኬን በሁለታችን መሃል ኮመዲኖው ላይ ደፍቼዋለሁ። ትረካ እየሰማን ነበር። ተራኪው ረጋ ያለ ሰው ነው፣ አይቸኩልም፣ ቃል አይውጥም። ታሪኩ ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር የገዛ ቤቱን በሌሊት የሚያንኳኳበት ቦታ ላይ ደርሷል። የእማዬ ትንፋሽ ከበድ እያለ መጣ፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ነው። በሩ ተንኳኳ። ሚስቲቱ «ማነው?» አለች። ልክ እዚያ ላይ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ከበሮና ጥሩምባ የመሰለ ሙዚቃ ፈነዳና አንድ ሰውዬ «እንኳን ደስ አላችሁ! ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ! በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ ብቻ!» ብሎ ጮኸ።

እማዬ ባንና ብድግ አለች። እጇ ደረቷ ላይ ነው። «ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?» ትለኛለች። እኔ በጨለማው ስልኩን ፍለጋ እዳብሳለሁ፣ ሰውየው ስለ ሊፍትና ስለ ጄኔሬተር ይጮሃል። ብርጭቆ ውሃ ደፋሁ። እናቴ ግፊት አለባት። ልቧ እስኪረጋ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እስከ 7 ሰዓት አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አለብኝ።

አንድ ማስታወቂያ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ የሚለኝ አይጠፋም። አንድ አይደለም። በየቀኑ ነው። በአማርኛ የሚሠራው ፖድካስት፣ ትረካ፣ ጨዋታ፣ አብዛኛው ሰው ማታ ጎኑን አሳርፎ እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው የሠራው አይመስልም።

እኛ ቤት ይሄ ነገር ቅንጦት አይደለም። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ማንበብ አትችልም። ድሮ መጽሐፍ ይዛ ነበር የምትተኛው። ቴሌቪዥን ዓይኗን ያቆስላታል። የቀራት ጆሮዋ ነው። እኔም ቀኑን ሙሉ ከሰውና ከወረቀት ጋር ስታገል ውዬ፣ ከዚያ ትራንስፖርቱን ተጋፍቼ ቤት ስገባ ማየት የምፈልገው ነገር የለም። መስማት ብቻ ነው የምፈልገው። ራት በልተን፣ ዕቃ ታጥቦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ ሰው በአማርኛ ረጋ ብሎ ሲያወራ። ያቺ አንድ ሰዓት ናት የእኔና የእናቴ ጊዜ።

እማዬ ሁሌ የምትነግረኝ ነገር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ እነሱ ሰፈር ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጎረቤቱ በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል። ቡና የምታፈላው ሴት እንኳ ሲኒ እንዳይንኳኳ ትጠነቀቃለች። አንድ ሰው ነው የሚያነበው፣ ግን ጉዱ ካሳ ሲናገር ጉዱ ካሳን ትሰማለህ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ቤቱ ይጨንቃል፣ ሰብለ ወንጌል ስታዝን ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። እማዬ እስከ ዛሬ ድምፁን አስመስላ ታወራልኛለች። ያንን ሁሉ ያደረገው አንድ ሰው በድምፁ ነው። የት ቦታ ዝም እንደሚባል ያውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ የሸገር ልጅ ነኝ። ሸገር 102.1 ሬዲዮ በ2000 ዓ.ም ሲጀምር ተማሪ ነበርኩ። መዓዛ ብሩ በጨዋታ እንግዳ ላይ እንግዳ ስታቀርብ አዳምጣችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። አጭር ጥያቄ ትጠይቃለች። ከዚያ ትጠብቃለች። እንግዳው አስቦ፣ ተንፍሶ፣ አንዳንዴ ድምፁ ተሰብሮ እስኪመልስ ድረስ አትገባበትም። አንዱን እንግዳ ለተከታታይ ሳምንታት ይዛው ትቆያለች፣ ማንም አልሰለቸውም። የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» የሚባለው ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ስለማታውቀው አገር፣ ስለማታውቀው ሰው ይተርክልሃል፣ አንተ ግን ከአጎትህ ጋር የተቀመጥክ ነው የሚመስልህ። እኔና እማዬ አንዳንዱን ሦስቴ አራቴ ሰምተነዋል። መጨረሻውን እያወቅነው። ለእንቅልፍ ደግሞ እንደሚታወቅ ታሪክ የሚመች የለም፣ ቢያመልጥህም አይቆጭህም።

እና እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት እያለን አሁን ምን ነካን?

እስቲ አንዱን ክፈቱት። ገና ከመጀመሩ የሙሉው ውይይት ትኩስ ትኩሱ ተቆርጦ ይቀርብላችኋል። «ያን ሌሊት መቼም አልረሳውም»፣ ከዚያ ቡም የሚል ድምፅ፣ «እናቴን በዚያ ሁኔታ ሳያት»፣ ቡም፣ ከዚያ ልቅሶ። ሦስት አራት ደቂቃ እንዲህ ይሄዳል። የሰውየው ሐዘን ከአፉ ተነጥቆ ማሻሻጫ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ መግቢያ ሙዚቃ። ቀጥሎ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር፣ ደወሏን ተጫኑ። ቀጥሎ ስፖንሰር። ሰውየው «እንደምን አመሻችሁ» እስኪል ድረስ አሥር ደቂቃ ያልፋል፣ እኔ ደግሞ ያቺ አሥር ደቂቃ በሞባይል ዳታ የገዛኋት ናት።

ወሬው ሲጀምርስ? አቅራቢው አያስጨርስም። እንግዳው አንድ ነገር ሊናገር ገና ትንፋሹን ሲሰበስብ «ዋው!» ይላል። «እኔም እኮ አንድ ጊዜ» ብሎ የራሱን ይጀምራል። አንዲት ሴትዮ ልጇን እንዴት እንዳጣች እየተናገረች፣ ዝም አለች፣ በቃ ዝም አለች፣ የምትናገረው ሊመጣ ነው፣ አቅራቢው ያቺን ዝምታ መቋቋም አቃተውና ሌላ ጥያቄ ጠየቃት። ሴትዮዋ የጀመረችውን ሳትጨርስ ቀረች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ተናደድኩ። ሊመጣ የነበረውን ነገር ማን ይመልሰው?

ትረካዎቹ ላይ ደግሞ ማጀቢያው ነው የሚያሳብደኝ። በዋሽንት ይጀምራል፣ ደስ ይላል። ከዚያ ዋሽንቱ አይቆምም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከተራኪው ጋር እየተፎካከረ ይሄዳል። እማዬ «ሙዚቃውን ቀንሺውና ሰውየውን ከፍ አድርጊልኝ» ትለኛለች። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ሁለቱ አንድ ላይ ተለስነዋል። ሰውየውን ከፍ ባደርገው ዋሽንቱም ይከተለዋል።

የድምፅ ልክ የሚባል ነገር እኮ አለ። ለፖድካስት አፕል ራሱ ያወጣው ልክ አለ፣ አማካይ የድምፅ መጠኑ ነጌቲቭ 16 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ እንዲሆን ይመክራል። ዩቲዩብ ደግሞ ከልኩ በላይ የጮኸውን ቪዲዮ ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ ድምፅህን አሳንሰህ ቀድተህ ከጫንከው እኔ ስልኬን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። በዚያ ላይ ማስታወቂያው በሙሉ ጉልበቱ ሲመጣ አስቡት። እናቴን ያስደነገጣት ይሄ ነው። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ማስታወቂያውንና ወሬውን እኩል ማድረግ ይችላል። የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ሕግ አውጥተውለታል። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቀው ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2025 ኢንተርኔት ላይ ለሚታዩትም ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ያንን ሕግ ያቀረቡት እንደራሴ መነሻዬ አንዲት አራስ ልጅ ናት ብለዋል፣ ወላጆቿ ስንት ደክመው ካስተኟት በኋላ ማስታወቂያ እየጮኸ ይቀሰቅሳት ነበር። ይሄን ሳነብ እናቴ ናት የታየችኝ።

ፖድካስት የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብር እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። ስቱዲዮ ኪራይ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ኤዲተር ይከፈለዋል፣ እንግዳ ይጋበዛል። ማስታወቂያ አትሥሩ አላልኩም። መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ወይ መጨረሻ። መሃል መግባት ካለበት ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ድምፅ፣ ወሬ በምታወሩበት ድምፅ ንገሩን። እሰማችኋለሁ። እንዲያውም አምናችኋለሁ። ዩቲዩብ የሚያስገባውንም ቢሆን፣ ከ8 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያው የት ቦታ እንደሚገባ ባለቤቱ መርጦ ማስቀመጥ ይችላል። ምዕራፍ ሲያልቅ አስቀምጡት። በሩ ሲንኳኳ ለምን?

ሌላው፣ ትረካው ሲያልቅ ዩቲዩብ ራሱ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ይሄዳል። እኛ ተኝተናል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ሰበር ዜና!» የሚል ከነሳይረኑ ክፍሉን ይሞላዋል። በዚህ ዘመን፣ ስንት ሰው ዘመዱ የት እንዳለ ሳያውቅ በሚተኛበት አገር፣ በእንቅልፍ ልብ ሰበር ዜና መስማት ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። ይሄኛው የተራኪዎቹ ጥፋት አይደለም። እሱን አጥፍቼዋለሁ፣ እናንተም ያላጠፋችሁ አጥፉት፣ ሴቲንግ ውስጥ አለ።

ስለ ታናሽ እህቴ ሳልናገር አልጨርስም። ሪያድ ቤት ሠራተኛ ናት። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፣ ስለዚህ እኔና እማዬ ስንጋደም እሷም ብዙ ጊዜ ዕቃ አጥባ፣ ልጆቹን አስተኝታ መጋደሟ ነው። አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ነው ኢርፎን የምታደርገው። ሌላኛው ክፍት መሆን አለበት፣ ማዳም ልትጣራ ትችላለች፣ ሕፃኑ ሊያለቅስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በሰው አገር ቋንቋ ስትታዘዝ ውላ፣ በዚያች በአንዷ ጆሮዋ አማርኛ ትሰማለች። «ድምፃቸውን ስሰማ ቤት ያለሁ ነው የሚመስለኝ» ትለኛለች። ስክሪኗ እንዲበራ አትፈልግም፣ ከሕፃኑ ጋር ነው የምትተኛው። ያለ ክፍያ በምንጠቀምበት ዩቲዩብ ደግሞ ስክሪኑ ሲጠፋ ወሬውም ይቆማል። ለዚህ ነው ሁላችንም ወደ ቴሌግራም የሸሸነው። ድምፁን ብቻ አንዴ ታወርደዋለህ፣ ስልኩን ትዘጋዋለህ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይቀጥላል። ግን ቴሌግራም ላይ የሚገኘው ብዙው ባለቤቱ ያልጫነው ነው፣ ሌላ ሰው ከዩቲዩብ ገልብጦ ያመጣው። የደከመበት ሰው ምንም አያገኝም። ራሳችሁ ለምን አትጭኑትም? ድምፁን ብቻ፣ ያለ ቪዲዮ። እኔ በወር የሆነች ብር በቴሌብር ብከፍል ደስ ይለኛል። ጓደኞቼም ይከፍላሉ። ጠይቁን እንጂ።

እና እባካችሁ አዲስ ነገር የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ፣ ሙዚቃ የሌለው። የአያቶቻችንን ተረት፣ የአንድ ሰፈር ታሪክ፣ የድሮ ደብዳቤ፣ የፈለጋችሁትን። ፊታችሁን ማየት አንፈልግም፣ መብራት አጥፍተናል። ውጭ አገር ሰዎች ማታ የሚተኙበት ፖድካስት ብለው ለይተው ይሠራሉ፣ ስሊፕ ዊዝ ሚ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እስካሁን አለ፣ ሰውየው ሆን ብሎ ቀስ እያለ ምንም የማያስጨንቅ ወሬ ያወራል፣ በቃ። በአማርኛ ይሄ የለኝም። የተረት አገር ሆነን። እናንተ ጋ የተረጋጋ፣ የማይጮህ፣ ለእናት የሚሆን ካለ ስሙን ጻፉልኝ፣ ለእህቴም እልክላታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እማዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ሰውየው ገባ?» አለችኝ። የቱ ሰውዬ ልላት ስል ገባኝ። ወታደሩ። በሩን ሲያንኳኳ ነበር የቆመብን። አላውቅም አልኳት። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያንን ትረካ እየዘለልኩ ሰማሁት፣ ማስታወቂያ ያለባቸውን ደቂቃዎች በወረቀት ጻፍኩ። 23፣ 47፣ 58። ማታ ወረቀቱን ይዤ፣ እማዬ ስትጋደም፣ ጣቴ ስልኩ ላይ ሆኖ እጠብቃለሁ።